ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ግድ ማጣትም አብሮ ይመጣል እንዴ?

ባለሲንጀሩ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 14

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሰው ጽሑፍ እያነበብኩ በዝምታ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

47 ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአባቴ በወረስኩት ሲንጀር ላይ ከተቀመጥኩ 26 ዓመት አለፈኝ። ስኳር ከያዘኝ ደግሞ ስምንት ዓመት። መጀመሪያ በሜትፎርሚን ብቻ ቆየሁ፤ ቀጥሎ ግሊቤንክላሚድ መጣ፤ ከዓምና ወዲህ ኢንሱሊን ላይ ነኝ። ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት። ሜትፎርሚኑም አልቀረም።

የመጣሁት ስለ ስኳሩ አይደለም። እሱን ለምጄዋለሁ። ወይም የለመድኩት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ከመስከረም ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሳልለካ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ረስቼ እንዳይመስላችሁ። መለኪያዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አየኋት፣ ትቻት ወጣሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዤ የምውል ሰው ነኝ፤ ጣቴን ሳላስበው ስንቴ እንደምወጋ እግዜር ይወቀው። ለዚያች አንዲት ጠብታ ደም ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ኢንሱሊኑንም አንዳንድ ማታ እዘለዋለሁ። ለምን ብትሉኝ ምክንያት የለኝም። «ምን ለውጥ አለው» የምትል ነገር ብቻ ናት ጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠችው።

እንቅልፍ ሌላ ጣጣ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደተቀጠረ ሰው ብንን ብዬ እነቃለሁ። እግሬ ይቃጠላል፤ ፍም የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። ብርድ ልብሱን እገፋለሁ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አምስት ደቂቃ አያስቆይም። መልሼ እለብሳለሁ። እንደገና ይቃጠላል። እንዲህ እንዳልኩ ወፍ ይንጫጫል። ቀን ላይ ደግሞ ያው እግር ፔዳሉን አያውቀውም። እየረገጥኩ መሆኔን የማውቀው በማሽኑ ድምፅ ነው። ለቃጠሎው ዓምና ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ታዞልኝ ነበር። አፌን አደረቀኝ፣ ጠዋት አፈዘዘኝ፣ በሳምንቱ ተውኩት። ለሐኪሙም አልነገርኩ፣ ለማንም አልነገርኩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛዬ ለልጁ ሠርግ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ጥሩ ሱፍ አመጣልኝ። ለካሁ፣ በሳሙና አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱም ግራ እግር ነው። ሁለት ግራ! ተለማማጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርቼ አላውቅም። ጨርቁ ውድ ነው፣ ከፋዩም እኔው ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጭንቅላቴን ይዤ እጮህ ነበር። ያን ቀን ግን አጠፍኩና ከማሽኑ ሥር አስቀመጥኩት። ምንም አልመሰለኝም። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያ «ምንም አልመሰለኝም» ያስፈራኝ።

ክትትል በየሁለት ወሩ አለኝ። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ጠዋት በ12 ሰዓት ተሰልፌ አምስት ሰዓት ላይ እገባለሁ። ወረቀቱ ይታያል። «287? ምን በልተህ ነው? ጠላ ነው አይደል?» እላለሁ፣ አይ። «እንዲህ ከቀጠልክ እግርህን ትቆረጣለህ።» አለቀ። ቀጣይ ይግባ። እነሱም ሰው ናቸው፣ በረንዳው ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ አያለሁ። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ቁጥሬን ሲጠይቁኝ አንድ ቀን እንኳ እኔን የጠየቀኝ የለም። ኅዳር 5 የዓለም የስኳር ቀን ነው ተብሎ በሬዲዮ ሲወራ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ስለ ምግብ ተወራ፣ ስለ እግር፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ኩላሊት። ማሽኑን አቁሜ ጠበቅሁ። ሆድ ስለባሰው ሰው አንድም ቃል አልወጣም።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ነበረን። ከተማው ገና ከጠዋቱ በቆሻሻ ጭስ ታጥኗል። ጠላው ሲዞር እኔ ጋ ደረሰ። «ለሱ ተዪው፣ ስኳር አለበት» አለች አንዷ፣ ቤቱ ሙሉ እየሰማ። ዳቦው ሲቆረስ የኔ ድርሻ ስስ ብላ ማዶ ታሳያለች። ለኔው አስበው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ድሮ «እንዴት ከረምክ» ይለኝ የነበረ ሰው ሁሉ አሁን «ስኳርህ እንዴት ነው» ሆኗል ሰላምታው። ጸሎቱ ሳያልቅ ተነሥቼ ወጣሁ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ስኳሬ ነው» እላታለሁ። እሷም ታምናለች። ከሷ ጋር በመኝታም ነገር… እናንተው ግቡበት። እሱንም «ስኳሬ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ስኳር ጥሩ መሸሸጊያ ሆኖልኛል። አንዳንድ ሌሊት ግን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባይነጋስ እላለሁ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህ ስኳሩ ራሱ ነው? ስንፍና ነው? ወይስ ድባቴ የሚሉት እሱ ነው? በናንተስ ደርሶ ያውቃል? ነገ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ይሻለኝ ይሆን እያልኩ ነው።


የመሐል ሜዳ ልጅ
ኅዳር 14

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መለኪያዋን ያዩባት ቦታ ላይ ስደርስ የኔን ክፍል ያዩ መሰለኝ።

እኔ ዓይነት 1 ነኝ። የያዘኝ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው፣ አሁን 24 ዓመቴ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ኢንሱሊን የዋልኩበት ቀን የለም። ሰው «ለመድሽው» ይለኛል። እንዴት ነው የሚለመደው? ሥራ ዓመት ፈቃድ አለው፣ ትምህርት ክረምት አለው፣ ስኳር ቅዳሜም እሑድም የለውም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ በቃ ደከመኝ። መለካት ተውኩ። ሐኪሙ መዝገቤን እንዳሳየው ሲጠይቅ ካፌ ቁጭ ብዬ ከጭንቅላቴ ቁጥር ፈጥሬ ሞላሁ። 132፣ 118፣ 140። አይ፣ በጣም የሚያምሩ ቁጥሮች ነበሩ! የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ሲመጣ ግን ጉዴ ፈላ። ተቆጡኝ። ለምን እንደዋሸሁ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልንገርዎት። እኔ ማታ ማታ ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር። ከእህቴ ጋር በትንሽ ትልቁ እጣላለሁ። ድብርት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ማታ እህቴ በግድ ጣቴን ይዛ ለካችኝ፤ 54። ስኳሬ ወርዶ ነው ለካ! አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ምን ሆኜ ነበር ያለቀስኩት?» አልኳት። ሁሉም ለቅሶዬ እሱ ነበር ማለቴ አይደለም። ግማሹ ግን እሱ ነበር። እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነቁ ያልብዎታል? ልብዎ ይመታል? አንድ ሌሊት እንኳ በዚያ ሰዓት ይለኩት። ለሐኪም ብለው ሳይሆን ለራስዎ ለማወቅ።

ስለ ስትሪፑ፣ ደም ስለምናስነካው የመለኪያዋ ወረቀት፣ ዋጋ አላነሡም እንጂ እሱም ራሱን የቻለ ድባቴ ነው :)


ነጻ አስተያየት
ኅዳር 14

አይዞህ ጋሼ ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም። ሐሳብ ስላበዛህ ነው። ይኼ ሁሉ የመድኃኒቱ ኬሚካል ያመጣው ነው። ጽድቃኔ ማርያም ሰባት ቀን ተጠመቅ፣ እዚያ እያለህ መርፌውን ተወው፣ ሽፈራው እና ጥቁር አዝሙድ በባዶ ሆድ ውሰድ። ስንቱን አድኗል።


እናት ከደብረ ሲና
ኅዳር 15

አንተ «ነጻ አስተያየት»፣ ነጻ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትበትነው? እኔ ግን ከፍዬበታለሁ።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ስኳሩ ገና በልጅነቱ የጀመረው፣ መርፌ የሚወስድ። ዓምና ጠበል ሄደ፣ እኔው ራሴ ነኝ የላክሁት። ጠበሉ ምን አደረገ? ምንም። አብሮት ያደረ አንድ የማናውቀው ሰው ነው «እምነት ካለህ መርፌው ምን ይሠራልሃል» ያለው። ልጅ ነው፣ አመነ። በሦስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ፣ ምን ልበል፣ እንደሚሸት ሙዝ ሸተተኝ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ተሸክመን ነው ሆስፒታል ያደረስነው። ደሙ አሲድ ሆኗል አሉን። ፈጣሪ ማረልኝ። የነፍስ አባታችን ይህን ሲሰሙ ምን አሉ መሰለህ፦ «ጠበሉንም ጠጣ፣ መርፌውንም ተወጋ፤ ሁለቱም የሱ ናቸው።»

ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ከማኅበር ተነሥተው መውጣትዎ አንጀቴን በላው። እኔም ለልጄ ያንን አደርግ ነበር። ሰው ፊት «አትብላ» እለዋለሁ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ስሜን ረሳሽው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምላሴን እይዛለሁ። እርስዎም ለሚቀርብዎት አንድ ሰው ይንገሩት። ሰው ካልነገሩት አያውቅም፣ ተንኮል አይደለም።


ሲስተር (ከቆላው)
ኅዳር 15

ጋሼ፣ ነርስ ነኝ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የስኳር ክትትል ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሚቆጡት መካከል እኔም ነበርኩበት፣ አልደብቅም።

መጀመሪያ አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝ። «ባይነጋስ» ያሉትን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል? እንዴት እንደሚያደርጉት አስበውበት ያውቃሉ? መልሱን እዚህ መጻፍ የለብዎትም። አዎ ከሆነ ግን ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ለባለቤትዎ ነግረው አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ ድንገተኛ ክፍል። ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን ያመጣል ብሎ ይፈራል። አያመጣም፤ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ እፎይ ነው የሚለው። መልሱ አይደለም ቢሆንም እንኳ ለጊዜው ኢንሱሊኑን ባለቤትዎ ይያዙት፣ ማታ እና ጠዋት እሳቸው ያቀብሉዎት። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባል የለ? በዚያውም መዝለሉ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ስንፍና አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ቶማስ ዊሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስኳር የሚመጣው ከረጅም ሐዘን ነው ብሎ ጽፏል። ስለ መንሥኤው ባይሆንለትም ሁለቱ አንድ ቤት እንደሚያድሩ ግን ያኔ አይቷል። ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል እና አድሬናሊን የሚባሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ እነሱ ስኳሩን ወደ ላይ ይገፉታል። ስኳር ሲወጣ ሰውነት ይዝላል፣ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሆድ ይብሳል። ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ መለካት ይተዋል፣ መርፌ ይዘላል። እንግዲህ ያ 287 ከጠላ መጣ ወይስ ከዚህ? እኛ ግን የምናውቀው ጠላውን ነው።

አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። የመሐል ሜዳዋ ልጅ የጻፈችው በሽታው ራሱ ሲያሰለች የሚመጣ ነው፤ ፈረንጆቹ ዲያቤቲስ ዲስትረስ ይሉታል። ሰውየውን የሚያንገሸግሸው ስኳሩ ብቻ ነው፣ ሌላው ኑሮው ደህና ነው። የርስዎ ግን ከስኳሩ አልፎ ሱፉ ውስጥ ገብቷል፣ ማኅበሩ ውስጥ ገብቷል፣ መኝታ ቤትም ገብቷል። ለዚህ ነው መመርመር ያለብዎት።

ምርመራው አያስፈራም፣ ደም እንኳ አይወሰድም። ፒኤችኪው 9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ነው። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ ደስታ ማጣት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ጣሪያው 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ማነጋገር አለበት። እና ሲገቡ ወረቀትዎን ከማየታቸው በፊት እርስዎ ቀድመው ይናገሩ። «ሁለት ወር ሆነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም፣ መድኃኒቴን እየዘለልኩ ነው» ይበሉ። እኔን አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ ቢገባ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር የምሰማው።

ሌላው፣ ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። እሱ ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ ድካምም ያመጣል። እንዲታይልዎት ይጠይቁ። አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ እሱም ሥራው ሲቀንስ ድባቴ ይመስላል። አሚትሪፕቲሊኑን ትተው ከሆነ ትቻለሁ ብለው ይንገሩ። እሱ በአነስተኛ መጠን ለእግር ቃጠሎ፣ በከፍተኛ መጠን ደግሞ ለራሱ ለድባቴ የሚሰጥ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ስኳርም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለድባቴው ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን መድኃኒት ካዘዙልዎት ደግሞ እሱ ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ለውጡ በሦስት ቀን አይመጣም። ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሰው በዚህ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚያቋርጠው። የመኝታውንም ነገር አይፈሩ፣ ይንገሩ። ስኳርም ድባቴም ያመጡታል፣ መድኃኒቱም አንዳንዴ ይጨምርበታል፤ ካልነገሩን የቱ እንደሆነ አናውቅም።

ጾሙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን መብላት ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። ኢንሱሊን ወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ግን አይሆንም፣ ማሽኑ ላይ ይደፋሉ። የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። ለታመመ ሰው ሥርዓቱን ከኔ የበለጠ እሳቸው ያውቁታል።


ባለሲንጀሩ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 16

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ማታ ለባለቤቴ ስልኩን ሰጥቼ አስነበብኳት። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። እሷ አንብባ ስትጨርስ ኢንሱሊኑን ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን ብላለች። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ የደብረ ሲናዋ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ያኑርልሽ።


ነጻ አስተያየት
ኅዳር 16

መርፌውን ተው ያልኩት ተሳስቻለሁ። የልጁን አላወቅሁም ነበር።


ባለሲንጀሩ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 11

የት ጠፋ ላላችሁኝ፣ አለሁ።

ሄድን። እንዳልሽኝ ሲስተር፣ ወረቀቱን ሳያነሣ እኔ ቀደምኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ተሰበረ። ሐኪሙ አዲስ ልጅ ነው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ቆይ፣ ይቀመጡ» አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነበር የምወጣው ለካ! ከዚያ የአእምሮ ጤና ወደሚሉት ክፍል መራኝ። ስሙ ከበሩ ላይ ተጽፏል፣ በዚያ በር ስገባ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ሰብሬ ነው የገባሁት። አንድ ደንበኛዬ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት! ሁለታችንም ስለ ብርዱ አወራን።

ባለሙያዋ ዘጠኙን ጥያቄ ጠየቀችኝ። 16 መጣብኝ። የመጨረሻዋን፣ ስለ መሞት ሐሳብ የምትለዋን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ባለቤቴ ውጭ ነበረች፣ እውነቱን ነገርኳት። ሐሳቡ መጥቶ ያውቃል፤ እንዴት ብዬ ግን አላሰብኩም። ተመስገን አለች፣ ባለቤቴንም አስጠርታ አብረን እንድንሰማ አደረገች። ፍሉኦክሰቲን ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ ታዘዘልኝ። አሚትሪፕቲሊኑን ከዚህ ጋር በራሴ እንዳልቀላቅል አስጠንቅቀውኛል። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አድርጋ ታወራኛለች። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደማወራ ጠፍቶኝ ስለ ቁልፍ ቀዳዳ አወራኋት፣ በእጅ ሲሠራ እና በማሽን ሲሠራ ያለውን ልዩነት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

የቢ12 ምርመራ እዚህ የለም ተባለና ደሜ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። 130 ኪሎ ሜትር! እኔ ዘንድሮ አዲስ አበባን አላየሁም፣ ደሜ ቀደመኝ። ውጤቱ ገና ነው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፣ አንቺ ያልሽውን ሞከርን። ባለቤቴ ስልኳን ለዘጠኝ ሰዓት ሞልታ ትነሣለች። አራት ሌሊት ለካን። ሦስቱ ቀን 190 ምናምን ነው። በአራተኛው 61! ያን ቀን ራት አስጠልቶኝ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎርሼ ነበር፣ መርፌውን ግን ወግቻለሁ። ላቤ አንገትጌዬን አርሶታል፤ እኔ የቃጠሎው ላብ እየመሰለኝ ስንት ሌሊት አሳልፌአለሁ መሰለሽ። ለሐኪሙ ስነግረው የማታዋን በሁለት ዩኒት ቀነሰልኝና ራት ሳልበላ እንዳልወጋ ነገረኝ።

ደህና ሆንኩ አልላችሁም። የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሸኝ ከረመ። እግሬም ያው ነው። ባለፈው ስለካ በባዶ ሆድ 212 ነበርኩ፣ ገና ብዙ ይቀራል። ቅዳሜ ዕለት ግን ልጄ ምሳ ይዛ ስትመጣ «አባዬ፣ እያፏጨህ ነው» አለችኝ። አላወቅሁም ነበር። እሷ ስትለኝ አቆምኩ፣ አፈርኩ መሰለኝ።

ጾሙን በነፍስ አባቴ ፈቃድ ጠዋት በልቼ ነው የምጾመው። ማኅበር ደግሞ ነገ ነው፣ ታኅሣሥ 12። ባለቤቴ ቀድማ ለሙሴዋ ሹክ ብላላታለች፣ «ስኳር» የሚለውን ቃል ማንም እንዳያነሣ። አሁን ደግሞ ሁሉም ዝም ብሎ እንዳያየኝ ነው የምፈራው። ሂድ ትለኛለች፣ እንጃ፣ ሳልሄድ አልቀርም።

የስትሪፑን ነገር ልብ ብያለሁ ልጄ። አንድ እሽግ የሁለት ሱሪ ስፌት ይበላል። ሲስተር፣ በጤና መድን የሚገኝበት መንገድ ካለ ጠቁሚን።


የመሐል ሜዳ ልጅ
ታኅሣሥ 11

ጋሼ ደስ አለኝ! ማፏጨቱን አያቁሙ። እኔ ደግሞ አሁን የምጽፈው እውነተኛ ቁጥር ነው፣ ቢያስጠላም። ዛሬ ጠዋት 243። ግን አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷል፤ እነዚያ ሁለት ግራ እግሮች ምን ሆኑ?


ባለሲንጀሩ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 12

ሰውየውን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። ከራሴ ገንዘብ አንድ ሜትር ያንኑ ሱፍ ገዝቼ ቀኙን ቆረጥኩለት፣ ለሠርጉ ደረሰ። ትርፉ ግራ እግር ከማሽኑ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሲያስቸግር የማይሰማውን እግሬን እጠቀልልበታለሁ።


ሲስተር (ከቆላው)
ታኅሣሥ 12

ጋሼ፣ የስትሪፑን መድን ቢሮ ጠይቄ እጽፍልዎታለሁ። እግርዎን ከመጠቅለልዎ በፊት ግን ያንን ጨርቅ ያራግፉት፣ የተረሳ ስፒል እንዳይኖርበት።